መጀመሪያ ከሰሉ፣ ከዚያ ቆርቆሮው

አካባቢን የማይጎዳ ኑሮ እንዴት እንደሚኖር የሚመክሩ ጽሑፎች ብዙውን ጊዜ ከአምፖል ይጀምራሉ። ምክሩ የተቀዳው ከሌላ አገር ስለሆነ ነው። ብርዱን ሙሉ ቤቱን በጋዝ የሚያሞቅና መብራቱ ከድንጋይ ከሰል የሚመነጭለት ሰው ከመስኮቱና ከአምፖሉ ቢጀምር ያዋጣዋል። የኛ ቤት ነገር ሌላ ነው። የምናበራው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉም የውሃ ኃይል ነው፤ ግልገል ጊቤ ሦስት 1,870 ሜጋዋት፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ግድብ ደግሞ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ከዚያው ሶኬት ሁለት ሜትር ራቅ ብሎ ግን ማንደጃው ላይ ግራር ከሰል ሆኖ ይነዳል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን እንገልብጠው፤ መጀመሪያ ከሰል፣ ቀጥሎ ምጣድ፣ ከዚያ የጣሪያ ውሃ፣ ከዚያ ግድግዳና ቆሻሻ። አምፖል መጨረሻ ላይ ይመጣል፣ በአንድ አንቀጽም ያልቃል።

እዚህ የምጽፈው ጉለሌ ውስጥ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ባለች የጭቃ ቤታችን እየሞከርኩ፣ አንዳንዴም እያበላሸሁ የተማርኩትን ነው። ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ የጣሪያውንና የግድግዳውን ክፍል ዘለው የቀረውን ይውሰዱ።

ሳይገዙ በፊት አንድ ሳምንት ይቁጠሩ

ልጆች ጀምረው የተዉት ደብተር ይበቃል። ለሰባት ቀን አራት ነገር ይጻፉ፤ ስንት ፌስታል ከሰል እንደነደደ፣ ቆጣሪው ስንት እንደቆጠረ፣ ስንት ጀሪካን ውሃ እንደወጣ፣ ስንት ማዳበሪያ ቆሻሻ ለቆሻሻ ሰብሳቢው ማኅበር ልጆች እንደተሰጠ። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ደግሞ ቆጣሪውን ሁለት ጊዜ ያንብቡ፤ ምጣዱ ከመሰካቱ በፊትና ከተነቀለ በኋላ። ሌላውን ዕቃ በዚያ ሰዓት ያጥፉት፣ አለዚያ ቁጥሩ ይደባለቃል።

እኛ ቤት 25 እንጀራ 6 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ወሰደ። ይህን ከአምፖል ጋር ያስተያዩት። ባለ 9 ዋት አምፖል ያንኑ ያህል ለመብላት ከ660 ሰዓት በላይ መብራት አለበት፤ በቀን አምስት ሰዓት ቢበራ ከአራት ወር በላይ ማለት ነው። እናቴ ይህን ስነግራት «ታዲያ ልጁን አምፖል አጥፋ እያልክ ስትቆጣ የነበረው ለምንድን ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከሰል

ከሰል ርካሽ የሚመስለው በትንሽ በትንሹ ስለሚገዛ ነው። በተለመደው፣ እንጨቱን አፈር አልብሶ በማክሰል ዘዴ አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ቢያንስ አምስት ኪሎ፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ የበለጠ እንጨት ይጠፋል። ጆንያው በራችን ላይ ሲደርስ የዛፉ አብዛኛው ጉልበት ጭስ ሆኖ ጫካው ውስጥ ቀርቷል። ሁሉም ከሰል ግን አንድ አይደለም። አዊ ዞን፣ ፋግታ ለኮማ አካባቢ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ በማሳው ይተክላል፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ቆርጦ ያከስላል፣ መልሶ ይተክላል። ይህንን ማንም ሳይተክለው ከበቀለ የስምጥ ሸለቆ ግራር ጋር አንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ አይቻልም። የሚሸጥልዎትን ሰው ከሰሉ ከየት እንደመጣ ይጠይቁ። ብዙዎቹ ያውቃሉ፤ የሚጠይቃቸው ስለሌለ ነው የማይናገሩት።

ለመቀነስ መጀመሪያ ወጡን ከከሰል ያውርዱ። ሽንኩርት ማቁላላት ረጅም ሰዓት የሚወስድ ሥራ ስለሆነ ከሰሉን የሚጨርሰውም እሱ ነው። በኤሌክትሪክ ምድጃ ሲሠሩ የድስቱን ቂጥ ይመልከቱ፤ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ሲነኩት የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ምድጃውን በሙሉ አይነካም፣ ሙቀቱም በጎን ያመልጣል። ሽንኩርቱ ውሃውን እስኪጨርስ ድረስ ይክደኑት።

ከሰል የግድ የሚሆንባቸው ሥራዎች ይቀራሉ። ለእነሱ ላቀች ይግዙ። ከኬንያው ማንደጃ ተወስዶ በ1980ዎቹ አጋማሽ እኛ አገር የተስፋፋው ይህ ምድጃ ውስጡ ሸክላ፣ ውጭው ቆርቆሮ ነው፤ ከተራው የቆርቆሮ ማንደጃ ጋር ሲተያይ ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል። ሲገዙ ሸክላውን በጣትዎ ያንኳኩት። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ጤነኛ ነው፤ የታፈነ ድምፅ ከሆነ ተሰንጥቋል። ፍሙን በውሃ አያጥፉ፤ ሸክላው ይፈነዳል። ክዳን ባለው የወተት ጣሳ ውስጥ አፍነው ያስቀምጡት፣ በማግስቱ መልሶ ይነዳል።

አንድ ነገር ከቁጠባ በላይ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ብርድም ቢሆን የከሰል ማንደጃ ወደ መኝታ ቤት አይግባ። ጭሱ ቢያልቅም፣ ፍሙ ቀልቶ ቢያምርም፣ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል።

ቡናውን አልነካሁትም። እሑድ ጠዋት ጀበናው ፍም ላይ ይጣዳል፣ ዕጣኑም ይጨሳል። በሳምንት አንድ ጊዜ የሚነድ ከሰል ቤቱን አረንጓዴ ከመሆን አያግደውም፤ የሚያግደው በቀን ሦስት ጊዜ የሚነደው ነው። በአዘቦቱ ቀን ጀበናውን ኤሌክትሪክ ላይ እናፈላለን። እናቴ ጣዕሙ ተለውጧል ትላለች። እውነቷን ይሁን ልማድ፣ እስካሁን አልለየሁትም።

ጋቢ የለበሰ ድስት

አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባቄላና ሽምብራ እኛ ዘንድ የሚያስቸግሩት ለዚህ ነው፤ እሳት ቢጨምሩለት ውሃው በፍጥነት ይተንናል እንጂ አይሞቅም። ስለዚህ የሚያስፈልገው ብዙ እሳት ሳይሆን ረጅም ጊዜ ነው፤ ጊዜውን ደግሞ ያለ እሳት መስጠት ይቻላል።

ንፍሮ እንዴት እንደምሠራ ልንገርዎ። ሽምብራውንና ስንዴውን ማታ እዘፈዝፋለሁ። ጠዋት ውሃውን ቀይሬ፣ ድስቱን ከግማሽ በላይ ሞልቼ ሃያ ደቂቃ በደንብ አፈላዋለሁ። ካርቶን ውስጥ አሮጌ ጋቢ በአራት ታጥፎ ተዘጋጅቷል። ድስቱን ክዳኑን ሳልከፍት ከእሳት አንስቼ መሃል አስቀምጠዋለሁ፣ የጋቢውን ጫፍና ጫፍ ከላይ አገናኛለሁ፣ ከዚያ ትራስ እጭንበታለሁ። ድስት የሚያለብስ ሰው ያየች ጎረቤቴ ድስቱ ታሞ እንደሆነ ጠይቃኛለች። ከአራት ሰዓት በኋላ ሲከፈት እንፋሎቱ ፊት ይመታል፣ ሽምብራውም በጣት ይፈርጣል። አልበሰለ እንደሆነ አሥር ደቂቃ ድጋሚ አፍልቶ መልሶ ማልበስ ነው። ምስር ከዚህ በጣም ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል፤ ሩዝም እንዲሁ። ትንሽ ምግብ በትልቅ ድስት ግን አይሠራም፤ ሙቀቱን የሚይዘው ውሃው ራሱ ነውና። ሥጋ ያለበትን አላለብስም፣ ለብ ብሎ መዋሉ ለሆድ ጥሩ አይደለም።

ምጣድ

ከቤት ዕቃ ሁሉ አብዝቶ ኤሌክትሪክ የሚበላው ምጣድ ነው። ኃይሉ 3,500 ዋት እና ከዚያ በላይ ነው። ማንም ሰው እንጀራ ይተው አይልም፣ እኔም አልልም። ሙቀቱ ግን ወዴት እንደሚሄድ እንይ።

ምጣዱ ሞቆ ሳለ የቆርቆሮ ሆዱ ሥር እጅዎን ጠጋ ያድርጉ፤ አይንኩት። እጅ የሚለበልብ ከሆነ ከሚከፍሉት ሙቀት የተወሰነው ወለሉን እያሞቀ ነው። ከሽቦው በታች ያለው ጀሶ ሳስቷል ወይም ከመጀመሪያውም በቂ አልተደረገበትም ማለት ነው። ምጣድ የሚሠራልዎት ባለሙያ ከሽቦው በታች ወፈር ያለ ሙቀት ከልካይ እንዲያደርግበት ይዘዙት፤ ራስዎ አይክፈቱት። ቀጥሎ አክንባሎውን ይዩ። ዙሪያውን በአንድ ወገን ብቻ እንፋሎት የሚተፋ ከሆነ ጠምሟል። ተስተካክሎ የሚገጥም አክንባሎ እያንዳንዱን እንጀራ ጥቂት ሰከንድ ያሳጥራል፤ በ25 እንጀራ ሲባዛ ቀላል አይደለም።

በየሦስት ቀኑ አሥር አሥር እንጀራ ከመጋገር በሳምንት አንዴ 25 መጋገር ይሻላል፤ ምጣዱን ከባዶ ማሞቁ ራሱ ሩብ ሰዓት ይፈጃልና። ሊጡ ሳይደርስ ምጣዱ አይሰካ። ሁለት ሦስት እንጀራ ሲቀር ይንቀሉት፤ ሸክላው የያዘው ሙቀት የመጨረሻዎቹን ያወጣቸዋል። ከዚያ በኋላም ምጣዱ ለረጅም ጊዜ ትኩስ ነው፤ ያለፈውን ሳምንት የደረቀ እንጀራ ቆራርሰው ይዘርጉበትና ድርቆሽ ይሁን። ሻጋታ የነካው ግን ለዶሮም አይሆንም።

ገመዱን አይርሱ። ምጣድ በቀጭን ገመድና በብዙ ዕቃ በተሞላ ማከፋፈያ ሲሰካ ሶኬቱ ይቀልጣል። ለብቻው ወፍራም፣ ቢያንስ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድና የራሱ ብሬከር ያሠሩለት።

በእንጨት የሚጋግር ዘመድ ገጠር ካለዎት ደግሞ በበዓል ከሚወስዱት ዘይትና ስኳር ጋር «ምርጥ» የሚባለውን ምድጃ ይውሰዱለት። ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ጠጠር በቁራጭ በቁራጭ የሚሠራ ስለሆነ እዚያው ይገጣጠማል። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲተያይ ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል፣ ጭሱንም ከዓይን ያርቃል።

የቆርቆሮው ውሃ

አሁን ወደ ውጭ እንውጣ፤ ቶሎ የሚያልቅ ሥራ አይደለም።

ሒሳቡ ቀላል ነው፤ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ነው። የኛ ጣሪያ 6 በ8፣ 48 ካሬ ነው። (የሚለካው ጣሪያው መሬት ላይ የሚሸፍነው ስፋት ነው እንጂ ቁልቁለቱ አይደለም።) 10 ሚሊ ሜትር የሚያወርድ አንድ ከሰዓት 480 ሊትር ያመጣል፤ የሚረጨውንና የሚተነውን አንድ አምስተኛ ይቀንሱ፣ 380 ሊትር ያህል ይቀራል። አዲስ አበባ ሐምሌ ብቻውን ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ያዘንባል። ከዚያች ጣሪያ በአንድ ወር ከ7,500 ሊትር በላይ ይወርዳል ማለት ነው፤ ያ ሁሉ ውሃ አጥሩን ሰርስሮ ወደ ቦዩ ሲሄድ እኛ የቧንቧ ውሃ ፈረቃ እንጠብቃለን።

አሸንዳውን ግንቦት ላይ ያሰቅሉ፤ ሰኔ ከገባ ሠራተኛም አይገኝም። በየሁለት ሜትሩ አንድ ሁለት ሳንቲም ያህል ወደ መውረጃው ማዘንበል አለበት። ሠራተኛው «ልክ ነው» ቢልዎት እንኳ ሳይከፍሉት በፊት ከላይኛው ጫፍ አንድ ጆግ ውሃ ያፍስሱ። የሚቆም ኩሬ ካለ ቅጠል ይበሰብስበታል፣ ቆርቆሮውም ይዝጋል።

የመጀመሪያው ዝናብ ውሃ ቆሻሻ ነው፤ የበጋው አቧራና የርግቡ ኩስ አብሮ ይወርዳል። እሱን የሚጥል ቀላል ብልሃት አለ። ከአሸንዳው ከሚወርደው ቱቦ ላይ፣ ወደ በርሜሉ ከሚታጠፍበት ቦታ በፊት፣ ባለ 110 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ቱቦ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። ርዝመቱ ሦስት ሜትር ቢሆን 25 ሊትር ያህል ይይዛል፤ ለ48 ካሬ ጣሪያ ይበቃል። ታችኛው ጫፉ በሚፈታ ክዳን ይዘጋል፣ ክዳኑ ላይ በሚስማር አንዲት ቀዳዳ ይበሳል። ዝናቡ ሲጀምር ቆሻሻው ውሃ ይህን ቱቦ ይሞላል፤ ሲሞላ ንጹሑ ከላዩ አልፎ ወደ በርሜሉ ይሄዳል። የቱቦው ውሃ በቀዳዳዋ ሲንጠባጠብ አድሮ ለሚቀጥለው ዝናብ ባዶ ሆኖ ይጠብቃል። በየሳምንቱ ክዳኑን ፈትተው ጭቃውን ያፍስሱ። ጣሪያዎ ዝቅ ያለ ከሆነ ቱቦውን በሁለት መክፈል ይቻላል።

አሁን የኔን ጥፋት ልናገር። በመጀመሪያው ዓመት ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ገዝቼ በብሎኬት ላይ አስቀመጥኩት። ብሎኬቱ ከሥሩ ምንም አልነበረውም፣ እርጥብ አፈር ብቻ። አንድ ሺህ ሊትር ውሃ አንድ ቶን ነው፤ ይህን አውቅ ነበር፣ አላሰብኩትም እንጂ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ሌሊት፣ ሮቶው በአንድ ወገን ሰጠመና የጎረቤቴ አጥር ላይ ተጋደመ። አጥሩን አሠራሁ፣ ይቅርታም ጠየቅሁ፣ ከዚያ በኋላ መሬቱን ጉልበት ድረስ አስቆፍሬ ድንጋይ አስነጠፍኩበት። ከመሬት ግማሽ ሜትር ከፍ ማለቱ ይበቃል፤ ባልዲ ከቧንቧው ሥር ይገባል፣ ከዚያ በላይ ለክብሩ ነው።

ሮቶ ሲገዙ «ለበጋ አስቀምጣለሁ» የሚለውን ሐሳብ ይተዉት። አራት ሰው ባለበት ቤት አንድ ሺህ ሊትር ሳምንት ቢዘልቅ ነው። ጥቅሙ በክረምቱ በየቀኑ ሲጠቀሙበትና በየዝናቡ ሲሞላ ነው፤ ለልብስ፣ ለሽንት ቤት፣ ለወለል። የሚጠጣውን ከቧንቧ ይቅዱ። አፉን በወንፊት ይሸፍኑት፤ እንደ ድሬዳዋና አዋሽ ባሉ ቆላ ቦታዎች ክፍት በርሜል የትንኝ መፈልፈያ ነው።

ሮቶው ሲሞላ የሚተርፈው ውሃ ወዴት እንደሚሄድ ሳይወስኑ ሥራው አልቋል አይበሉ። የኛ ትርፍ ውሃ አንድ ክረምት ሙሉ የራሳችንን ግድግዳ ሥር ሲመታ ከርሞ ወደሚቀጥለው ሥራ አመጣን።

ግድግዳ

የጭቃ ቤት የሚሞተው ከታች ነው። ከቆርቆሮው የሚወርደው ጠብታ መሬት ላይ ነጥሮ የግድግዳውን ግርጌ ይበላዋል፤ ምርጉ ይራገፋል፣ ማገሩ ይታያል፣ ከዚያ ምስጥ ይገባል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ቤቱ አርጅቷል» ብሎ በብሎኬት ለመተካት ያስባል። ከማፍረስዎ በፊት ይቁጠሩት። በዓለም ላይ ከሚለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነው ከሲሚንቶ ምርት ነው፤ ጭቃና ጭድ ግን ከዚያው ከግቢው ናቸው፣ ሲፈርሱም ተመልሰው አፈር ናቸው። ደግሞም የጭቃ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ይዞ ለማታ ያቆየዋል።

ጥገናው የሚሠራው ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነው። አፈሩን ከጤፍ ጭድ ጋር በውሃ ያስረግጡት፣ ከሳምንት ላላነሰ ጊዜ ይቡካ፣ በየመሃሉ ውሃ እየጨመሩ ድጋሚ ይረገጥ። ሽታው ደስ አይልም፤ የሚይዘው ግን የቦካው ነው። የተራገፈውን ቦታ እስከ ጤነኛው ድረስ ይፈቅፍቁ፣ ግድግዳውን በውሃ ያርጥቡት፣ ከዚያ በስሱ ይምረጉ። አንዱ ሳይደርቅ ሌላው አይደረብ፤ ወፍራም ምርግ ይሰነጠቃል። ሲደርቅ ኖራ ይቀባ።

በጭቃ ላይ ሲሚንቶ ማስለሰንን አልመክርም፤ ለእኛ ሠፈር ሰው ይህን መናገር ከባድ ቢሆንም። ሲሚንቶው ከጭቃው ጋር እኩል አይተነፍስም። እርጥበቱ ከኋላው ይጠራቀማል፣ ከውጭ ያማረ ግድግዳ ከውስጥ ይበሰብሳል፣ አንድ ቀን ልስኑ እንደ ቂጣ ተቀርፎ ይወድቃል። ገንዘቡን ከታች ያውሉት፤ ግማሽ ሜትር የሚሆን የድንጋይ ቀሚስ ለግድግዳው፣ ከሱ ሥር ውሃ የሚወስድ ቦይ፣ ከላይ ደግሞ ክዳኑ ከግድግዳው ወጣ እንዲል ተጨማሪ ቆርቆሮ።

የቆየ የዘይት ቀለም ያለበትን በርና መስኮት በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይሹ። አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ አቧራው ለሕፃናት አንጎል መርዝ ነው። አገራችን በቀለም ውስጥ ያለውን እርሳስ በሚሊዮን 90 እጅ ላይ የሚገድብ ደንብ አላት፤ ደንቡ ግን አያትዎ ያስቀቧትን በር አያውቃትም። አርጥበው ይሹ፣ ልጆቹን ያርቁ።

ብርዱን በተመለከተ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ቤት የሚያቀዘቅዘው ባዶው ቆርቆሮ ነው። ኮርኒስ ከሌለ ማሠራት፣ ካለም ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበትን ክፍተት መድፈን፣ በበሩ ሥር ጨርቅ የተጠቀጠቀበት ከረጢት መዘርጋት። ማብሰያ ቤቱን ግን እንዳይደፍኑት።

ቆሻሻ

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባው የቆሻሻ መጣያ በቆሼ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ቀብሯል። ከአዲስ አበባ ቤቶች የሚወጣው ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚበሰብስ ነገር ነው፤ ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ። ይህ በፌስታል ታስሮ እዚያ ተራራ ላይ ሲከመር አየር ሳያገኝ ይበሰብስና ሚቴን ያወጣል። ግቢ ውስጥ ሲቀር ግን አፈር ነው።

ለዚህ አሮጌ የማዳበሪያ ከረጢት ይበቃል፤ ማዳበሪያ የምሠራው በማዳበሪያ ነው ስል የሚስቁብኝ አሉ። ጎኑን በቢላ እዚህም እዚያም ይብሱት። ከታች ቁርጥራጭ ጭራሮ። ከዚያ አንድ እጅ እርጥብ፣ ሁለት እጅ ደረቅ እያደረጉ ይደራርቡ። ደረቁ ሰጋቱራ፣ የተቀደደ ካርቶን፣ የወደቀ ቅጠል ሊሆን ይችላል፤ ከሁሉ የሚሻለኝ ግን በዓል ሲያልፍ ከወለል የሚጠረገው ቄጠማ ነው። ለእንቁጣጣሽ የተጎዘጎዘው ብቻ እስከ ጥቅምት ያደርሰኛል። የባሕር ዛፍ ቅጠል አይግባ፤ ለመበስበስ ይዘገያል፣ ችግኝም አይወድለትም። አጥንትና የምግብ ትራፊም አይግባ፤ አይጥና ውሻ ይጠራል። እኛ ሠፈር ጅብም ይመጣል።

በእጅዎ ጨብጠው ሲያዩት እንደተጨመቀ ጨርቅ እርጥብ ይሁን። ከሸተተ ውሃ በዝቶበታል፤ ቄጠማ ወይም ካርቶን ይጨምሩ፣ በዱላ ያገላብጡ። ከደረቀና ጉንዳን ከሰፈረበት የሩዝ ማጠቢያ ውሃ ያርከፍክፉበት። በሦስት አራት ወር ጥቁርና የዝናብ አፈር የሚሸት ይሆናል። ኮንዶሚኒየም ያላችሁ ክዳን ባለው የቀለም ባልዲ፣ ታችኛውን በስታችሁ፣ በረንዳ ላይ ሞክሩት፤ ለጤና አዳምና ለቆስጣ ማሰሮ የሚሆን አፈር አያጣችሁም። እናቴ መጀመሪያ «ቆሻሻ የሚያከማች ሰው ወለድኩ» ብላ ነበር። አሁን የሽንኩርት ልጣጩን ለማኅበሩ ልጆች ስሰጥ ብታየኝ የምትቆጣው እሷ ናት።

ብረት፣ ጠርሙስና የዘይት ጀሪካን ለቆራሌው ነው፤ ከኛ በፊት የነበረ ሥርዓት ስለሆነ ማስተማር አያስፈልገውም። ፌስታልን በተመለከተ በ2017 ዓ.ም. የሚከለክል አዋጅ ጸድቋል፤ ዘንቢሉን ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ያንጠልጥሉት። ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ዘንቢል ገበያ ሄዶ አያውቅም።

እንግዲህ አምፖል

የሚያቃጥል ብርጭቆ ያለው አሮጌ አምፖል ካለዎት በኤልኢዲ ይቀይሩት፤ ባለ 60 ዋቱን ባለ 9 ይተካዋል። ረጅሙን ነጭ ቱቦ ሲያወጡ አይስበሩት፣ ውስጡ ሜርኩሪ አለ። ማብሰያ ቤቱ ቀንም ጨለማ ከሆነ ግን አምፖል መፍትሔ አይደለም። ከጣሪያው አንድ ቆርቆሮ ያስነሡና በሱ ቦታ ብርሃን የሚያሳልፈውን የፕላስቲክ ክዳን ያስመቱ፤ በላይ በኩል ያለው ቆርቆሮ በፕላስቲኩ ላይ፣ ፕላስቲኩም በታች በኩል ባለው ቆርቆሮ ላይ እንዲደረብ ለሠራተኛው ይንገሩት፣ በሚስማሩም ሥር ጎማ ይግባ። እኛ ያስመታነው ከምጣዱ በላይ ነው። እናቴ አሁን የእንጀራውን ዓይን ሲወጣ የምታየው በፀሐይ ነው፤ የዚያን ቤት ማብሪያ ማጥፊያ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በፊት የሚነካው የለም።